ከድንጋዩ ጋር የመጡ እንግዶች
(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ስላለው የመስተዋት ገንዳ ነው። ብዙዎቻችሁ «ዓሣው የታለ?» እያላችሁ ጠይቃችሁናል። ዓሣ የለበትም። ያለበት ከለገዳዲ ግድብ በላይ ካለ ጅረት ያመጣነው ድንጋይና ከድንጋዩ ጋር ሳንጠራቸው የመጡ ፍጥረቶች ናቸው።

በውጭ አገር የባሕር ዓሣ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ከባሕር የወጣ፣ ሕይወት የሞላበት ድንጋይ በገንዳቸው ይጨምራሉ። በስንጥቁ ተሸሽጎ የሚመጣውም ብዙ ነው። ባለ ጠጕሩን ትል ባዩ ጊዜ ይደነግጣሉ፤ እርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትርፍራፊ እየበላ ገንዳውን ያጸዳላቸዋል። አይፕታዝያ የምትባለዋን አበባ መሳይ ፍጥረት ግን ያደንቋታል፤ እርሷም ከቍራጭ እንኳ እየበቀለች ጎረቤቶቿን ትለበልባለች። የኛም እንግዶች ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የውኃ ተርብ እጭ ነው። ከንፈሩ ከአገጩ ሥር እንደ ክንድ ታጥፎ ይቀመጥና ድንገት ተዘርግቶ የቢምቢ እጭ ይነጥቃል። ለሰው ግን ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ወዳጅ ነው።

በድንጋዩ ላይ የሚሮጠው፣ ባለ ሦስት ጅራቱ፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ላባ መሳይ መተንፈሻ ያለው ደግሞ፣ ክንፍ ካወጣ በኋላ ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ብቻ የሚኖር በራሪ ነፍሳት ልጅ ነው። ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ይወዳል። በጭቃው ውስጥ ያለው ቀይ እጭ ግን ኦክስጅን ባነሰበትም ይኖራል። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ ማየት ስለ ጅረቱ ጤንነት ይናገራል፤ ግድቡም እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራ ወዲህ አዲስ አበባ ከዚሁ ውኃ ትጠጣለች።

አልቅትን እረኛ ሁሉ ያውቀዋልና እንለፈው።

ትልቁ ጉዳይ ያለው ማንም ከቁም ነገር በማይቈጥረው በትንሹ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ቅርፊቱን ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙት። አፉ በቀኝ ከሆነ ሊምኒያ ከሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል፤ በግራ ከሆነ ቡሊኑስን እንጠረጥራለን፤ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ከሆነ ባዮምፋላሪያን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ናቸው፤ ባዮምፋላሪያም በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ከኛ ዝቅ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ነው። ለደጋው ሰው የሚያሳስበው ሊምኒያ ነው። በግ ሲታረድ በጉበቱ ውስጥ የሚገኘው ቅጠል መሳይ ትል የሚያድገው በእርሱ በኩል ነውና። የትሉ እንቍላል ከፋንድያ ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ይበዛል፤ ከዚያ ወጥቶ በረግረጉ ሣር ላይ ይለጠፋል፤ በጉም ሣሩን ይግጣል። በጉ ይከሳል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ሳያውቅ ይሸጠዋል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የእንዶድን ኃይል ለዓለም አስታወቁ። እንዶድ ግን ዓሣንም ይገድላልና በዘፈቀደ ወደ ጅረት አይጣልም። ክበባችን የጀመረው ሊምኒያ የሚገኝባቸውን ረግረጎች በካርታ ላይ ማመልከት ነው። በግ ያላችሁ ወላጆች ከንግግሩ በኋላ ካርታውን በቤተ ሙከራው በር ላይ ታገኙታላችሁ።