የማይድን ቁስልና የቆዳ ካንሰር
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቆዳ ካንሰር ሲነሣ ብዙዎቻችን «ይህስ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሜላኒን የተባለው ቀለም ቆዳችንን ከፀሐይ ጨረር ይከላከልልናል። ነገር ግን ካንሰር በፀሐይ ብቻ አይመጣም። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለዓመታት ሳይድን ከቆየ የእግር ቁስል ወይም ከእሳት ጠባሳ ላይ ነው።

እኛ ከማታር የመጣን ተማሪዎች ይህን ከመጽሐፍ በፊት በዓይናችን አይተነዋል። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በቅልጥማቸው ላይ የነበረውን ቁስል ልጆች ሳለን ጀምሮ እናውቀው ነበር። ዝንብ እንዳይቀመጥበት በጨርቅ እየሸፈኑ ከብታቸውን ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ እግራቸውን ከመቁረጥ በቀር ሌላ መንገድ አልተገኘም። ሰዉ «እርግማን ነው» አለ፤ እኛም ዝም አልን። ዛሬ ግን ዝም የምንልበት ምክንያት የለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳ ሲቆስል ሕዋሶች ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኞችን ይልካሉ፤ ቲ ኤን ኤፍና ኢንተርሉኪን ከእነዚህ ወገን ናቸው። መልእክተኞቹ ነጭ የደም ሕዋሶችን ይጠራሉ፤ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልና የቆዳ ሕዋስ እንዲራባም ያግዛሉ። ቁስሉ ሲዘጋ ጥሪው ይቆማል። ሳይዘጋ ከቀረ ግን ጥሪው ዓመት ከዓመት ይቀጥላል፤ የቆዳውም ሕዋስ ያለ ዕረፍት ይራባል። ነጭ ሕዋሶች ተዋሲያንን ለመግደል የሚረጩት መርዝ የሕዋሱን ዲ ኤን ኤ ያበላሻል፤ መሞት የሚገባው የተበላሸ ሕዋስም በዚያው መልእክት ኃይል በሕይወት ይቆያል። ለካንሰር መንገድ የሚከፈተው በዚህ ዓይነት ነው።

የጀርመኑ ሐኪም ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1863 ካንሰር ከሰነበተ ብግነት እንደሚነሣ ገምቶ ነበር። ቲ ኤን ኤፍ በ1975 በኒውዮርክ ስሙ ሲወጣለት የታወቀው እብጠት በመግደሉ ነበር። በ1999 ግን የሎንዶን ተመራማሪዎች ይህ ንጥረ ነገር የሌላቸው አይጦች፣ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ቆዳቸውን ቢቀቡም፣ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ እብጠት እንዳወጡ አሳዩ። እንግዲህ ሊረዳ የተጠራው መልእክተኛ መሄጃውን ካላወቀ ጠላት ይሆናል ማለት ነው።

ቁስል ሁሉ ካንሰር አይሆንም፤ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ካንሰርም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፤ ቁስል በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ እንዲጠቀለል እናስተምር። ሁለተኛ፤ ለወራት ያልዳነውን፣ ጠርዙ የደደረውን፣ በትንሹ የሚደማውን ወይም እንደ አበባ ጎመን ያበጠውን ቁስል ያለ ሀፍረት እንጠይቅ። ሦስተኛ፤ ባለቤቱን ክረምቱ መንገዱን በውሃ ሳይዘጋው ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ፤ ወደ ሆስፒታልም ተልኮ ከቁስሉ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመርመር። በጊዜ የተገኘ ካንሰር ተቆርጦ ሊወጣ፣ እግሩም ሊተርፍ ይችላል።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የአጎታችንን ቁስል የደበቁት ግን እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ እያየን ያልጠየቅነው እኛም ነን።