ነጻ መጽሐፍ፣ ያለ ዕዳ

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር፤ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «በስልካችን መጽሐፍ በነጻ እንዴት እናንብብ» የሚል ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ እዚሁ መርካቶ የስልክ መሸፈኛ፣ ቻርጀርና ሚሞሪ ካርድ እሸጣለሁ። ድሮ ሰው ሚሞሪ ይዞ ሲመጣ ዘፈን ጫኝልኝ፣ ፊልም ጫኝልኝ ነበር የሚለው። አሁን አሁን መጽሐፍ ጫኝልኝ የሚሉኝ እናቶች በዝተዋል። ጥያቄው ደስ ያሰኛል። ግን መጽሐፍ ከመጫኑ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፦ ከየት ይገኛል? የማንስ ነው?

ለምን እንደሚያስፈልገን ላንሣ። ከመካከላችን በጎልማሶች ትምህርት ገብተው፣ ቀን ነግደው ማታ ፊደል የቆጠሩ አሉ። ይህን ያህል ተደክሞበት የተገኘ ፊደል ካላነበቡበት ይጠፋል። ከባንክ ደብተርና ከመድኃኒት ብልቃጥ ሌላ የሚነበብ ነገር በቤት ከሌለ ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም። የልጆቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ የአገራችን ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልጅ ንባብ የሚለምደው በማንበብ ነው። መጽሐፍ መግዛት ደግሞ ከዘይትና ከጤፍ በኋላ ለሚተርፍ ገንዘብ ነው፤ የሚተርፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልክ ግን አለን። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የእቁባችንን ብር ሳይቀር በስልክ እየላክን ነው። ያ ስልክ መጽሐፍም ይይዛል።

የማን ነው?

ቴሌግራም ላይ ገብታችሁ የመጽሐፍ ስም ብትጽፉ በፒዲኤፍ የማይመጣ የለም። ገጽ በገጽ በስልክ ካሜራ የተነሣ አለ፣ ጣት የሚታይበትም አለ። ይህ ሁሉ ነጻ ይመስላል። ጉሊት የተቀመጠች እህታችን ዞር ስትል ከመደቧ የተነሣ ቲማቲምም ለወሰደው ሰው ነጻ ነው። ለእሷ ግን የዕለት ጉርሷ ነው። ደራሲም እንደዚያው ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ጽፎ፣ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ፣ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ሲዞር ያየ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ በምን ያሳትማል? እኛ በላባችን የምንኖር ሴቶች ነን፤ የሰው ላብ ሲወሰድ ዝም ማለት አይሆንልንም።

ሕግም አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከሞቱ በኋላ ባለመብቶቹ ወራሾቹ ናቸው። ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ ስለሆነ አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ ባለቤት የለውም የሚሉ ያጋጥሙኛል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ መብቱ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ይቆያል። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ድርሰቶችም ገና በጥበቃ ላይ ናቸው፤ ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነውና። የምንቆጥረው መጽሐፉ ከታተመበት ሳይሆን ደራሲው ካረፈበት ዓመት ነው። ይህቺን ከያዛችሁ ግማሹን ነገር ያዛችሁ።

ታዲያ በንጹሕ እጅ የሚገኘው የትኛው ነው? ሦስት በር አለ።

አንደኛው በር፦ ዘመኑ ያለፈ

50 ዓመቱ ሲያልፍ መጽሐፉ እንደ እድራችን ድስት ይሆናል። ድስቱ የሁሉም ነው፤ ማንም ወስዶ ይሠራበታል፣ የእኔ ብቻ ነው የሚል የለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» ከዚህ ወገን ነው። በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍት፣ እነ «ወዳጄ ልቤ»፣ እነ «አዲስ ዓለም»፣ ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ም እንዲሁ። ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ የጻፉትን ያነበበ ነጋዴ ዛሬም ስለ መርካቶ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በቅርብ ጊዜ ሌላ ሰው መግቢያና ማብራሪያ ጨምሮበት ያሳተመው ከሆነ፣ የጨመረው የእሱ ነው። ትርጉምም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው «ራሴላስ» በእንግሊዝኛው ለሁሉም ነጻ ነው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት ግን መብቱ ለብቻው ይታያል። እንግሊዝኛ የምታነቡና ተማሪ ልጆች ያሏችሁ ይህንንና ሌሎች ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ታገኛላችሁ። ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረው ነው። ገንዘብም፣ ምዝገባም አይጠይቅም።

ሁለተኛው በር፦ የመንግሥት ጽሑፍ

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። የቅጅ መብት አዋጁ ራሱ ሕጎችንና ሌሎች ይፋዊ የመንግሥት ሰነዶችን ከጥበቃው ውጪ አድርጓቸዋል። የአገሪቱ ሕግ የሕዝቡ ነው፤ በስልክ መያዝም፣ ማባዛትም፣ ለጎረቤት መላክም ይቻላል። በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትሞ ይወጣል።

እኔ ለሴት ሁሉ የምጭነው የመጀመሪያው «መጽሐፍ» የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ይኸው ነው። አንቀጽ 63ን ክፈቱ፦ ንብረት በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ካላስረዳ በቀር የጋራ ሀብት ተብሎ ይገመታል። አንቀጽ 68ን ክፈቱ፦ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም፣ አይከራይም፣ በመያዣ አይሰጥም። ስንቷ እህታችን ሱቁ በእሱ ስም ስለሆነ ባዶ እጇን እንደምትወጣ ተነግሯት አምናለች! ሰው የነገራትን ከማመን በፊት ራሷ አንብባ ወደ ሕግ ባለሙያ ብትሄድ ጥያቄዋን ይዛ ነው የምትሄደው። ስሙንና ቁጥሩን በፍለጋ ላይ ጻፉ፤ ሲመጣላችሁ የነጋሪት ጋዜጣው አርማና የአዋጁ ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ።

ከዚሁ ጋር የትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍት በሶፍት ኮፒ አውጥቷል። የታተመው ያልደረሰው ልጅ በስልክ ይከታተል።

ሦስተኛው በር፦ ባለቤቱ «ብሉልኝ» ያለው

አንዳንድ ደራሲና አሳታሚ መብቱ በእጁ እያለ፣ ሥራዬን ማንም ያንብበው፣ ያባዛው ብሎ ይፈቅዳል። ፈቃዱ በጽሑፍ የሚቀመጠው ክሪዬቲቭ ኮመንስ በሚባል ውል ነው። ምልክቱ በክብ ውስጥ የተጻፉ ሁለት የእንግሊዝኛ «ሲ» ፊደሎች ናቸው፤ በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ገጽ ታዩታላችሁ። ሁሉም የደራሲውን ስም እንድንጠብቅ ያዛሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በነጻ ማደል ይፈቅዳሉ፣ መሸጥ ግን ይከለክላሉ። እንደኔ ነጋዴ የሆናችሁ ይህቺን ልብ በሉ፤ አትማችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።

ለልጆቻችን ትልቁ ሲሳይ እዚህ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ ከሕንድ የተነሣው ስቶሪዊቨር፣ ሁለቱም የአማርኛ የልጆች ታሪኮች አሏቸው። በስቶሪዊቨር መጻሕፍቱ በደረጃ ተከፍለዋል፤ ደረጃ አንድ በገጽ ጥቂት ቃል ብቻ ያለው ነው። ገና ፊደል ለያዘች እናትም ይሆናል፤ ለልጇ የምታነብ መስላ ራሷም ትለማመዳለች። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የሚባለውም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የተመረቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልጅ ያላችሁ ደግሞ አሉ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ያዘጋጃቸው 13 የሥልጠና መጻሕፍት ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባትና ስለ ምግብ የሚያስተምሩ፣ ለአገራችን ተብለው የተጻፉ ናቸው። እንግሊዝኛ ቢሆኑም በነጻ ይወርዳሉ።

አሠራሩ

ዳታ ውድ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ከመክፈት አንድ ጊዜ ማውረድ ይሻላል። ዋይፋይ ባለበት አውርዱ፣ ከዚያ ያለ ኔትወርክ ይነበባል። ፈቃድ ያለውን መጽሐፍ አንዳችን ካወረድን በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ለሌላው ማስተላለፍ እንችላለን፤ አንድ ሳንቲም ዳታ አይበላም።

ስታወርዱ ሁለት ዓይነት ምርጫ ታያላችሁ። ፒዲኤፍ ገጹን እንደታተመ ያሳያል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ፊደሉ ስለሚያንስ ስልኩን አግድም ያዙት። ኢፐብ የሚባለው ፊደሉን እንደፈለጋችሁ የምታሳድጉበት ነው። ዓይናቸው ለደከመ እናቶቻችን እሱን ምረጡላቸው።

ሌባም እዚህ አለ። «ሺህ የአማርኛ መጽሐፍ በነጻ» እያለ የስልካችሁን ቁጥሮችና መልእክት ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ መተግበሪያ መጽሐፍ አይፈልግም፣ እናንተን ነው የሚፈልገው። ለንባብ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ የለም። ከተጠየቃችሁ ዝጉት።

ፈቃዱ ያጠራጠራችሁ መጽሐፍ ሲያጋጥም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ደራሲው ካረፈ 50 ዓመት አልፎታል? ይፋዊ የመንግሥት ሰነድ ነው? ካልሆነስ የባለቤቱ ፈቃድ ተጽፎበታል? ሦስቱም «አይደለም» ከሆነ አትጫኑት፣ አታስተላልፉትም። ታዋቂ ድረ ገጽ ላይ መገኘቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እንኳ መብታቸው ያላለቀ መጻሕፍትን ስካን አድርጎ በማዋሱ አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰውት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በይግባኝም ተረትቷል።

ያ ማለት ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳናነብ እንቅር ማለት አይደለም። ቤተ መጻሕፍት አለ። ወመዘክር አለ፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አለ። ካልሆነም እንደ እቁባችን ተዋጥተን አንድ እንግዛና በዙር እናንብበው። የገዛነውን መጽሐፍ ተራ በተራ ማንበብን የሚከለክል የለም፣ ደራሲውም ድርሻውን አግኝቷል።

ለወደፊቱ

ሁለት ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። የመጀመሪያው ለእኛ ነው። በየሳምንቱ ቁጠባ ስንሰበስብ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ አንዷ ጮክ ብላ ታንብብልን፤ አንድ ሳምንት የልጆች ታሪክ፣ አንድ ሳምንት ከቤተሰብ ሕጉ አንድ አንቀጽ። ማንበብ ያልጀመረችውም ትሰማለች፣ ትጠይቃለች። መጫኑን ለእኔ ተዉት፤ ለአባል ክፍያ የለውም።

ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። በነጻ ከተፈቀዱት የአማርኛ ታሪኮች ብዙዎቹ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው። ስለ ምናለሽ ተራ ልጅ፣ በርበሬ ስለምታስፈጭ እናት የተጻፈ ያስፈልገናል። ለእርዳታ የምታስቡትን ገንዘብ በከፊል ለኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ተገቢውን ዋጋ ከፍላችሁ ታሪኮች ብታጽፉ፣ እነሱም በክፍት ፈቃድ ቢለቁልን፣ ደራሲው ያገኛል፣ ልጆቻችንም ያገኛሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ ማንም ሰው የራሱን ታሪክ ጽፎ ማውጣት ስለሚችል፣ ከእኛ መካከል ተረት የምታውቁ እናቶችም ተዘጋጁ። እናንተ ስትናገሩ እኔ እጽፋለሁ፤ ስማችሁም በመጽሐፉ ላይ ይወጣል።

አሁን ስልኮቻችሁን አውጡና እንጀምር።