ስንቁ ሐሙስ ስለሚያልቅበት ተማሪ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው የዓመቱን የገቢና የወጪ ሒሳብ ካሰማ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንድንናገር ስለ ፈቀደልን እናመሰግናለን። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና እንደ መምህራኑ አሳምረን አንናገርም። ነገር ግን ዕድሜያችንን የፈጀነው በጽሕፈት ሥራ ላይ ስለ ሆነ፣ ከመዝገብ ላይ ስም ሲጎድል ቶሎ ይታየናል። የዛሬው ጉዳያችንም የጎደሉ ስሞች ናቸው።

እንደምታውቁት በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ጓሮው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል ሠርቶ ለተማሪ የሚያከራይ ሰው ብዙ ነው። በሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላገኘ የገጠር ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲያልፍ ወደ ከተማ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጧት ስንቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ፤ የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሲገኝ ደግሞ ቆሎና በሶ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይበላል። ሐሙስ ይሻግታል፣ አለዚያም ያልቃል። ዓርብ ያ ልጅ ባዶ ሆዱን ክፍል ገብቶ ይውላል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ከወላጆቹ ቤት ይደርሳል። ዓርብ መቼም ጾም ነው የሚል ይኖራል። ጾመኛው ማታ የሚፈታበት አለው፤ ይህ ልጅ ግን መንገድ ላይ ነው።

ጎጃም ከጥንት ጀምሮ የተማሪ አገር ነው። ቅኔ ፍለጋ ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እናቶቻችን ቁራሽ ሳይሰጡት አይመልሱትም ነበር። የዘመናዊ ትምህርት ቤቱ ልጅ አኮፋዳ የለውም፤ ደብተር ይዞ መለመን ያሳፍረዋል። እኛም ኪራይ ስለሚከፍለን ጠግቦ ያደረ ይመስለናል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በጓሯችን ሦስት ሴት ተማሪዎች አሉ፤ ሐሙስ ማታ ጭስ እንደማይወጣ ያየነው በዓመቱ ነው።

ከረኀቡ የባሰም አለ። የሴቶቹ ክፍል በር ስንቱ ነው ከውስጥ የሚቀረቀረው? «አጎቷ ነኝ»፣ «ያገሯ ልጅ ነኝ» እያለ ማታ የሚያንኳኳውን ማን ይጠይቀዋል? እናቷ ሩቅ ናት፤ ቅርብ ያለነው እኛ ነን።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገር። በ1996 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለን አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ፤ ዕድሜዋ 18 መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ፈለገ። ያን ጊዜ የልደት ምዝገባ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዕድሜ የሚታወቀው በምስክር ነበር። ሁለት ሰዎች «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብለው መሰከሩ። ልጅቷ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከ13 እንደማትበልጥ በዓይናችን አይተናል። ቢሆንም የታዘዝነውን ጻፍን። ምስክሮቹ እነሱ ናቸው፣ የጻፈችው እጅ ግን የእኛ ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ ገበያ ላይ በርበሬ ስትሸጥ አገኘናት። «ጋሼ፣ ያችን ወረቀት የጻፉልኝ እርስዎ አልነበሩ?» አለችን። አልተቆጣችም። መልስ አጣንና ሁለት ኪሎ በርበሬ ገዝተን ሄድን።

ሕጉ ያን ጊዜም ነበር። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ያገባ ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲፈረድበት ይደነግጋል። ነገር ግን ዳኛው ዘንድ የሚደርሰው ሰው የጠቆመ እንደ ሆነ ነው። ጎረቤት ደግሞ የሠርጉ ታዳሚ ነው!

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሞሰቦ የገጠር ቀበሌ የተሠራውን ሥራ ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም። «ብርሃነ ሄዋን» የተባለ ፕሮግራም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ልጃገረዶችን በቡድን እያሰባሰበ፣ ከሴቶች መካከል ተከታታይ እየመደበ፣ ደብተርና እርሳስ እየሰጠ አስተማረ። ሳያገቡ ለቆዩት ልጆች ወላጆች በመጨረሻው በግ ተሰጣቸው። በኋላ ሲጠና፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ካሉት መካከል ያገቡት ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ፤ ትምህርት ላይ የቆዩትም በዝተው ታዩ። ከ15 በላይ በሆኑት ላይ ግን ይህ ውጤት አልተገኘም። ሰው ሁሉ ስለ በጉ ያወራል። እንደ እኛ አስተያየት ከበጉ ይልቅ የበጀው፣ አንዲት ልጅ ስትቀር «የት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

በእኛም አካባቢ ይኸው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ኋላም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ በራቸውን ሲቆልፉ፣ ከአስተማሪው ቀድሞ የልጅቷን ቤት ያንኳኳው የአማች ሽማግሌ ነው። ወንዱም ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ አጨዳ ሄደ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ስም ተጠራ፤ «ቀሪ» ተባለ፤ አለቀ።

ታዲያ እድር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። «እድር የቀብር ነው» ብለው ባለፈው ስብሰባ የተቃወሙን አባት እዚሁ ተቀምጠዋል፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ሐዘን ቤት ማን እንደ ቀረ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ድንኳን እንተክላለን፣ ገንዘቡን እንሰጣለን፣ ሠልስት ሲወጣ ድንኳናችንን ነቅለን እንሄዳለን። እናት የሞተች እንደ ሆነ ትልቋ ልጅ በማግስቱ ምጣዱን ትረከባለች፤ ታናናሾቿን ስታበላ የመጀመሪያው ደወል ያመልጣታል፤ ቀስ በቀስም ትቀራለች። በ1990ዎቹ ኤድስ ወላጆችን በፈጀበት ጊዜ በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት የገቡት ይህን አይተው ነው።

እኛ ከቀብር የቀረ አባል ስሙን ጠርተን ቅጣት እንጽፍበታለን። ከክፍል አንድ ወር የቀረ ተከራይ ልጅ ግን የኪራይ ቀን ካልደረሰ ትዝ አይለንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚያከራይ አባል የተማሪዎቹን ስም፣ የወላጅ ስምና ቀበሌ፣ ስልክ ካለም ስልኩን ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ልጁ ሦስት ቀን ከቀረ አከራዩ ይጠይቅ፤ ስም ጠሪ መምህሩም ለእድሩ እንዲያስታውቀን እንነጋገራለን። በሴቶች ክፍል በር ላይ መቀርቀሪያ ይግባ፤ ዋጋው ከአንድ ወር ኪራይ ያንሳል። የቅጣቱ ገንዘብ ደግሞ ለዓርብ ጧት ዳቦ ይዋል። ሁሉን እናጠግባለን አላልንም፤ ሒሳቡን አሁን ሰምታችኋል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ድምፅ እንዲሰጥበት ኮሚቴውን እንለምናለን።

ጸሐፊያችን በሩ አጠገብ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። የእኛዎቹን ሦስት ልጆች አስመዝግበናል። አንደኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥር አጋማሽ ላይ ስንቅ ላመጣ ብላ ሄዳ አልተመለሰችም። ደብተሯና ጋቢዋ ክፍሉ ውስጥ አሉ። ነገ ጧት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት እንሄዳለን። ከቡሬ ወደ ታች ስለ ሆነ በአሥራ ሁለት ሰዓት መነሣት አለብን። በዚያ በኩል ዘመድ ወይም የጡት አባት ያለው፣ አባቷ ዘንድ ሊሰማ የሚችል ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ስብሰባው እንዳበቃ ያነጋግረን።