ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ ስንገዛ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ የምታደርሰው ጥፋት ግን ትንሽ አይደለም። በየቤታችን ከወላጆቻችን የተረከብናቸው ሸክላዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አምኃ ሪከርድስ ካሳተማቸው አንዱን እንኳ ያስቀመጠ ሰው በቀላሉ የማይተካ ንብረት ይዟል። ታዲያ ማጫወቻው ድምፁ ሲበላሽ ብዙዎቻችን ያገለገለ ካርትሪጅ ፍለጋ እንወጣለን። አዲሱ ውድ ስለሆነ ይህ አያስወቅስም። ነገር ግን ምኑ እንደሚያረጅና ምኑ እንደሚበረክት አውቀን እንግዛ።

ካርትሪጅ ማለት በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የምትታሰረው፣ መርፌዋን የያዘች ትንሽ ሣጥን ናት። መርፌዋ በሸክላው ቦይ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ ንቅናቄው በማግኔትና በሽቦ ጥቅል አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ማግኔቱና ጥቅሉ ካልተጎዱ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። የሚያረጁት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የአልማዙ ጫፍ ነው። እንደ አሠራሩና እንደ አያያዙ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ገደማ ይሠራል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 500 ሰዓት ማለት አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ጫፉ ተበልቶ ስለት ያወጣና የቦዩን ግድግዳ ይፍቃል። የተፋቀ ሸክላ ቢታጠብም ቢወለወልም አይመለስም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመርፌዋን ዘንግ የያዘው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሳይሠራበትም ቢቀመጥ በዕድሜ ይደርቃል ወይም ይላላል። ስለዚህ ሻጩ «ከካርቶኑ አልወጣም፣ አዲስ ነው» ቢለን ዕቃው የቆየ እስከሆነ ድረስ አንዘናጋ።

እንግዲህ ዓይነቱን እንለይ። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት መርፌው በአብዛኛው ተነቅሎ ይለወጣል። የዚህን አካል አሮጌ ገዝቶ አዲስ መርፌ ማድረግ ጥሩ ግዢ ነው። ጥቅሉ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ግን መርፌው በአብዛኛው ቤት ውስጥ አይለወጥም፤ ልዩ ባለሙያ ይፈልጋል። አሮጌውን መግዛት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው።

ከመክፈላችን በፊት የሚከተሉትን እንመርምር፦

1. ዘንጉን በአጉሊ መነጽር ከፊት እንየው። ከተጣመመ ይቅርብን።
2. በታዘዘለት ክብደት ሲጫን ሆዱ ሸክላውን የሚነካ ከሆነ ላስቲኩ ላልቷል።
3. ከኋላ ያሉትን አራት እግሮች የሬዲዮ ጠጋኝ በመለኪያ ይፈትሽልን። በአንዱ ወገን ጥቅሉ ተበጥሶ ከሆነ ያ ወገን ድምፅ አይሰጥም።
4. መርፌው ዛሬም ይገኝ እንደሆነ እንጠይቅ። ለምሳሌ የአሜሪካው ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅና መርፌ መሥራት አቁሟል። ለብዙዎቹ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ምትክ አለ፤ ጥራቱ ግን ይለያያል።
5. ሙከራው ብንጥለው በማንጸጸትበት ሸክላ ይሁን።

ስለ ክብደትም አንድ ቃል እንጨምር። መርፌው ዘለለ ብለን በክንዱ ላይ ሳንቲም መለጠፍ ይቅር። የብዙዎቹ የዛሬ ካርትሪጆች ልክ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው። ከልኩ ማሳነስም ያው ነው፤ መርፌው እየተንገጫገጨ ቦዩን ይጎዳል።

በመጨረሻ ሒሳቡን እንያዝ። የአሮጌውን ዋጋና የአዲሱን መርፌ ዋጋ እንደምር። ድምሩ ወደ አዲስ ካርትሪጅ ዋጋ ከተጠጋ አዲሱን እንግዛ። ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ሸክላው በልባሱ ውስጥ ይቆይ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክላ ነገ ይዘፍናል፤ የተፋቀ ግን እንደ ተፋቀ ይቀራል።