«አመለኛው» የናፍጣ ፒክአፕ፤ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ መንገዶች አልፎ አልፎ አልነሣ የሚል ሞተር እንዴት ይመረመራል?



ጧት ቁልፉ እንደዞረ የተነሣ፣ ቀትር ላይ እንቢ ያለ፣ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሁሉ የሚነሣ መኪና በሹፌሮች ዘንድ «አመለኛ» ይባላል። ለበቅሎና ለፈረስ የሚነገረው ቃል ለመኪናም ተርፏል ማለት ነው። በቅሎ አመል ካላት ያለ ምክንያትም ትራገጥ ይሆናል፤ ሞተር ግን ያለ ምክንያት እንቢ አይልም። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። አልፎ አልፎ የሚታይ ብልሽት ሁልጊዜ የሚታይበት የራሱ የሆነ ሁኔታ አለው፤ የመሐንዲሱም ሆነ የመካኒኩ የመጀመሪያ ተግባር ዕቃ መለወጥ ሳይሆን ያንን ሁኔታ ፈልጎ ማግኘት ነው።

አገሩና መኪናው

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ በፊልቱ አድርጎ፣ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው የጁባን ወንዝ ወደሚመሠርቱበት ወደ ዶሎ አዶ አካባቢ ይዘልቃል፤ እዚያ ከፍታው ከ300 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ አንድ ፒክአፕ በአንድ ጕዞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የነገሌ የጧት ቅዝቃዜም ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍ የቀትር ሙቀት ይተካል።  አቧራው፣ ንዝረቱና ሙቀቱ ተባብረው በመኪናው ላይ የሚያደርሱት ድካም በደጋ አስፋልት ላይ ከሚደርሰው ጋር አይወዳደርም።

በዚህ አገር የአንድ አሮጌ ፒክአፕ አለመነሣት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ሲቀሩ፣ ውኃና የከብት መኖ በመኪና ማድረስ የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ ያለበት ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ በመንገድ ላይ ቢቆም፣ በረዶው መሐንዲስ እስኪመጣ አይጠብቅም። ምጥ የያዛት እናትም እንዲሁ። የነገሌ ከተማ የአንድ መሣሪያ መበላሸት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በታሪክዋ አይታዋለች፤ በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ በሠፈረው ጦር ውስጥ ለተነሣው አድማ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የውኃ ፓምፕ መበላሸት ነበር፤ አድማውም ለዚያ ዓመት አብዮት በር ከከፈቱት ድርጊቶች መካከል ይቈጠራል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም። እንዲነሣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በቂ የመዞር ፍጥነት፣ ተጨምቆ የጋለ አየር፣ በጊዜውና በመጠኑ የሚረጭ ናፍጣ። አሮጌዎቹ የፒክአፕ ሞተሮች አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ይጨምቁታል፤ ሆኖም ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ዙር ገደማ ካላዞረው፣ የተጨመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ እየሰጠና በፒስተኑ ዙሪያ እያመለጠ ናፍጣውን ለማቀጣጠል ሳይበቃ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ ሹፌሩ «አልነሣ አለ» ሲል፣ ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ነው አልነሣ ያለው ወይስ ጨርሶ አልዞረም? ጨርሶ ካልዞረ ወይም እየከበደው ከዞረ ችግሩ በኤሌክትሪክ በኩል ይፈለጋል። በደኅና ፍጥነት እየዞረ ካልተነሣ ግን በናፍጣው በኩል ይፈለጋል። ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እርሱን ባለመጠየቅ ብቻ አያሌ ደኅና ባትሪዎችና አያሌ ደኅና ፖምፓዎች ያለ ጥፋታቸው ተለውጠዋል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪናም እጅ ይበዛበታል፤ ሁሉም አንድ ነገር ይፈታል፤ መኪናው ቢነሣም የትኛው እንዳስነሣው የሚያውቅ አይኖርም።

ሞተሩ በማይዞርበት ጊዜ

የቦረና ሕዝብ ከጥልቁ «ኤላ» ውኃ ሲያወጣ፣ ሰዎች ከጕድጓዱ ታች እስከ አፉ ድረስ ተደርድረው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቢደክም የሌሎቹ ብርታት አይጠቅምም፤ ከላይ ያለው ገንዳ የሚያገኘው በደካማው ሰው ልክ ነው። ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለው መሥመርም እንደዚሁ ነው። ባትሪው፣ የባትሪው ጫፎች፣ ወፍራሙ ገመድ፣ በሞተሪኖው ውስጥ ያለው የመዳብ ኮንታክት፣ ከሞተሩ አካልና ከሻንሲው ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኔጋቲቭ ገመድ፣ ሁሉም አቀባዮች ናቸው።

አሳሳቹ ነገር፣ መብራቱና ክላክሱ ደኅና እየሠሩ ሞተሪኖው እንቢ ማለቱ ነው። ምክንያቱ በስሌት ይገለጻል። በዝገት ወይም በመላላት ምክንያት በአንድ መጋጠሚያ ላይ አምስት ሺህኛ ኦም የሚሆን ተቃውሞ ተፈጥሯል እንበል። ጥቂት አምፔር ብቻ የሚወስዱት መብራቶች ይህንን ጨርሶ አያውቁትም። ሞተሪኖው ግን 300 አምፔር ቢስብ በዚያች መጋጠሚያ ላይ ብቻ አንድ ተኩል ቮልት ይጠፋል። ስለዚህ «መብራቱ ደምቋልና ባትሪው ደኅና ነው» የሚለው ፍርድ ሚዛን የሌለው ፍርድ ነው።

ሙቀት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። የመዳብ ተቃውሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ከ25 ወደ 85 ዲግሪ የጋለ ሞተሪኖ የሽቦው ተቃውሞ በሩብ ያህል ይጨምራል። ጧት የማይታወቅ ድካም ቀትር ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሙቀቱ በኮፈኑ ሥር በታፈነበት ሰዓት፣ ጐልቶ ይወጣል። ባትሪውም ቢሆን ከቅዝቃዜ ይልቅ በሙቀት ፈጥኖ ያረጃል፤ ውኃውም ስለሚተን በቆላ ደጋግሞ ሊታይ ይገባል።

ምርመራው በአንዲት ቮልት መለኪያ ይፈጸማል። መኪናው ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ቀጥሎ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑና የእጅ ፍሬኑ መያዙ ይረጋገጣል፤ ረዳቱ ቁልፉን እያዞረ ሦስት ልኬቶች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ሁለተኛ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን፤ ሦስተኛ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል። በሁለቱም ላይ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋተኛው ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ኔጋቲቩ ገመድ ከአቧራና ከዘይት በታች ተቀብሮ ከሻንሲው ጋር የታሠረበት ቦታ ሳይታይ ዓመታት ያልፋሉ።

ሦስቱም ልኬቶች ደኅና ሆነው፣ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ነገሩ ወደ ሞተሪኖው ውስጥ ይሄዳል። በአሮጌዎቹ የቶዮታ ፒክአፖች ላይ የሚገኘው የኒፖንዴንሶ ሞተሪኖ በዚህ የታወቀ ነው። በውስጡ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶችና እነርሱን የሚያገናኝ ክብ ሰሌዳ አሉ። በየጊዜው በሚፈጠረው ብልጭታ ኮንታክቶቹ ይበላሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ከሌላው ፈጥኖ ያልቃል። ሰሌዳው በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር በመሆኑ አንድ ጊዜ በተቃጠለው ገጹ፣ ሌላ ጊዜ በደኅናው ገጹ ይገጥማል። በአምስተኛው ሙከራ የሚነሣው መኪና ምሥጢሩ ይህ ነው። እንግዲህ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ሳያስፈልግ ኮንታክቶቹን ብቻ በመለወጥ ሊድን ይችላል። ሞተሪኖውን ከመንካት በፊት ግን የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ መፈታት አለበት።

ሞተሩ እየዞረ ሳይነሣ ሲቀር

በዚህ በኩል ብልሽቱ የሚታይበት ሰዓት ራሱ ትልቅ ምስክር ነው።

መኪናው አድሮ ጧት ብቻ የሚያስቸግር፣ ከተነሣ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ የሚታዘዝ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በናፍጣው መሥመር የሚገባ አየር ነው። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው መሥመር የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ መካኒኩም «የሚያፈስ ነገር የለም» ብሎ ያልፈዋል። ሌሊቱን ግን ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ በተለይም መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ከቆመ። ፈተናው ቀላል ነው፤ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ጥቂት ጊዜ ተጨቁኖ ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይቀርባል። ከፖምፓው በፊት አጭር ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ቢገባ አረፋው በዓይን ይታያል። ከዚያ የተሰነጠቁት የጎማ ቱቦዎች፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹና የእጅ ፓምፑ ሽፋን በተራ ይመረመራሉ። የማሞቂያ ካንዴላም በነገሌና በያቤሎ ቀዝቃዛ ጧት ድርሻ አለው፤ በዶሎ ቀትር ግን እርሱን መክሰስ ከንቱ ነው።

በተቃራኒው ጧት በደኅና ተነሥቶ፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ለሩብ ሰዓት ቆሞ እንቢ የሚል ከሆነ፣ ፖምፓው አርጅቶ ይሆናል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በውስጡ የተበላ ፖምፓም በሞተሪኖው ዝግተኛ ዙር በቂ ግፊት መፍጠር ተስኖት ናፍጣውን በውስጡ ያስመልጣል። በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ ጥቂት ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩ ከተነሣ ምልክቱ ግልጽ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ፖምፓ ላይ በቀጥታ ማፍሰስ ግን እጅግ ተቀራርበው የተሠሩትን ክፍሎች ሊያጣብቅ ስለሚችል አይመከርም።

ሰዓትም ሙቀትም ሳይለይ፣ በተለይ በወጣ ገባ መንገድ በኋላ የሚታይ እንቢታ ደግሞ ወደ ናፍጣ መዝጊያው ሶሌኖይድ ያመለክታል። ቁልፉ ሲከፈት ይህ ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ አግኝቶ «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ሞተሪኖው በሚዞርበትም ጊዜ ኤሌክትሪኩ ሊቋረጥበት አይገባም። ቀጭኑ ሽቦው በንዝረት ላልቶ ከሆነ ፖምፓው ደኅና ሆኖ ሳለ ናፍጣ አይወጣም። እንዲሁም ናፍጣ ከበርሜልና ከጀሪካን በሚቀዳበት አገር ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስና የሰልባትዮውን መተንፈሻ ከአቧራ ማጽዳት ከምርመራው ሁሉ መቅደም አለበት።

ስለ ቁልቁለቱና ስለ ደብተሩ

በቆላው መንገድ ሹፌሮች ያበጁት ዘዴ አለ። አመለኛውን መኪና ቁልቁለት ላይ ያቆሙታል፤ ወይም ገበያ ውለው እስኪመለሱ ሞተሩን አያጠፉትም፤ ወይም ሰው ጠርተው ያስገፉታል። ዘዴው ከብልኅነት የመጣ ነውና አይናቅም። ጉዳቱ ግን ብልሽቱን መሸሸጉ ነው። ተገፍቶ የተነሣ መኪና ለመካኒኩ የሚነግረው ነገር የለም፤ ጋራዥ ሲደርስ በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ «ምንም የለውም» ተብሎም ይመለሳል። ሜዳ ላይ በቆመበት ሌሊት ግን ሕመሙ ይገለጣል።

ስለዚህ ለአመለኛ መኪና ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ በዳሽቦርዱ ውስጥ የምትቀመጥ ደብተር ናት። መኪናው እንቢ ባለ ቍጥር ሹፌሩ አምስት ነገር ይጻፍ፤ ሰዓቱን፣ ሞተሩ ጋለ ወይስ ቀዘቀዘ የሚለውን፣ ከቆመ ምን ያህል እንደሆነ፣ አቋቋሙን፣ ሞተሩ ይዙር ወይም አይዙር። መካኒኩም በበኩሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ የለወጠውንም በዚያው ደብተር ይመዝግብ። አሥር ጊዜ የተጻፈ እንቢታ አመል መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆኖ ይታያል፤ ሕግ ያለው ነገርም መድኃኒት አለው።

የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ የሚሠሩት ዕቃ በቅርብ በሚገኝበት ከተማ ነው። እዚያ በግምት ዕቃ መለወጥ ገንዘብ ያባክናል። በነገሌና ከነገሌ ወዲያ ባሉት ከተሞች ግን የተሳሳተ ግምት ማለት ከመቶዎች ኪሎሜትሮች ርቀት የሚመጣ የማያስፈልግ ዕቃ፣ ሳምንታት የሚፈጅ መጠበቅና በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳይደርስ የሚቀር ውኃ ነው። በመሆኑም አባላቱ በሙያ ጉዳይ ወደ እነዚያ ከተሞች በሚወርዱበት ጊዜ ሁሉ፣ ለአካባቢው መካኒኮች ይህንን የልኬትና የመመዝገብ ልማድ ቢያካፍሉ፣ ከእነርሱም ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ ያካበቱትን ዕውቀት ቢቀስሙ፣ አንዲት ቮልት መለኪያና አንዲት ደብተር ከብዙ ሣጥን መለዋወጫ የበለጠ አገልግሎት ይሰጣሉ።