ከካርጎ በፊት ረስትአፕ

አንደኛ አቅራቢ፦ በረስት ቋንቋ የተጻፈ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ፣ ለምሳሌ ሪፕግሬፕ፣ በረስት ጥቅል አስተዳዳሪ በካርጎ፣ «ካርጎ ኢንስቶል» በሚለው ትእዛዝ ሲጫን ምንጭ ኮዱ ወርዶ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ኮምፓይል ይደረጋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ስለዚህ ኮምፓይለሩ ካረጀ ጭነቱ ሊከሽፍ ይችላል። ረስት በየ6 ሳምንቱ ይታደሳል። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.85 «ኤዲሽን 2024»ን አጸና፤ የቆየ ካርጎ በዚያ የተጻፈ ጥቅል አይቀበልም።

አንደኛ አቅራቢ፦ መፍትሔው «ረስትአፕ አፕዴት» ነው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ረስት በረስትአፕ፣ ማለትም በራሱ የመጫኛና የማደሻ መሣሪያ፣ ገብቶ ከሆነ አዎ። በሊኑክስ ጥቅል አስተዳዳሪ በኤፕት የገባውን ግን ረስትአፕ አይነካውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሮጌው ቀድሞ ሊጠራና ሊያደናግር ይችላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ማውረዱ ግን ዳታ ይበላል፤ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሜጋባይት ይቆጥራል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለእሱ «ሚኒማል» የተባለው የረስትአፕ ምርጫ ይበጃል፤ ከባዱን የሰነድ ክምችት አያወርድም።