ዛሬ ልግዛ ወይስ ልቆይ?
የአንድ የቅንጦት አውቶሞቢል ሒሳብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ በሚነገርበት በዚህ መድረክ ላይ ስለ አንድ የቤት አውቶሞቢል ግዢ ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በስብሰባዎቻችን የሻይ ዕረፍት ላይ ከብዙ የሙያ ጉዳዮች ይልቅ ደጋግሞ ሲነሣ የሰማሁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ «አዲስና ጥሩ መኪና አሁን ልግዛ፣ ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ጥያቄው የሚጠየቀው በሳቅ መካከል ነው፤ በስተጀርባው ያለው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተ ሰብ የአሥር ዓመት ቁጠባ ነው። ስለዚህ ለድልድይ ከምንሰጠው ጥንቃቄ ጥቂቱን ለዚህም ብንሰጠው አይበዛበትም ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የንግግሬን ወሰን ላስምር። የምናገረው ስለ ጭነት መኪና ወይም እንጀራ ስለሚበላበት ታክሲ አይደለም። ለሥራ የሚሆን መኪና አንድ ቀን ቢዘገይ የአንድ ቀን ገቢ ይቀራልና ግዢውን የሚወስነው ሥራው ራሱ ነው። የምናገረው ስለ ቅንጦት ሴዳን ነው፤ ይኸውም ሰውን ከቦታ ቦታ ከማድረስ አልፎ ባለቤቱን ስለሚያስደስተውና በሰው ፊት ስለሚያስከብረው አውቶሞቢል ነው። ደስታንና ክብርን መፈለግ ነውር አይደለም፤ እኔም ከሚፈልጉት አንዱ ነኝ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕቃ ዛሬ ካልተገዛ የሚቆም ሥራ ስለሌለ፣ «ልቆይ» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ በሩ ክፍት ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ታላላቆቻችን ለዚህ ጥያቄ የነበራቸው መልስ አንድ ነበር፤ «ገንዘቡ ካለህ ዛሬውኑ ግዛ» ይሉ ነበር። መልሱ ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም። በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣ ማግሥት ዋጋው መውረድ ይጀምራል። በእኛ አገር ግን አሥር ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ በሆነ ብር ሲሸጥ ኖሯል። መኪናው ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ምንዛሪው ጥቂት፣ ቀረጡም ከባድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሩ ከ1,800 ሲ.ሲ. በላይ በሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ፣ ብዙ ዓመት ባገለገለውና ባለ ትልቅ ሞተር በሆነው ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ ቀድሞ ገብቶ የነበረው ሁሉ በአንድ ሌሊት ተወደደ። ስለዚህ መኪና በእኛ ዘንድ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን እንደ ወርቅ የሀብት ማቆያ ሆኖ ቆየ።

እኔ ይህን የአባቶች ምክር በ2013 ዓ.ም. አልተቀበልሁም ነበር። በዚያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ካጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ደኅና አዲስ ሴዳን ለመግዛት የሚበቃ በእጃችን ነበረ። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝና የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ መሆኑን፣ የባትሪ ዋጋም በየዓመቱ እየወረደ መሆኑን በሰንጠረዥ አስደግፌ አስረዳሁና «እንቆይ» አልሁ። በቴክኒኩ በኩል አልተሳሳትሁም። ብሉምበርግ ኤን.ኢ.ኤፍ. የተባለው የጥናት ድርጅት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቅ የነበረው የሊቲየም ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። በአገራችንም በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባውም የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ ብቻ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ይህ ሁሉ እኔ እንደ ገመትሁት የሆነ ነው።

የተሳሳትሁት በሌላ በኩል ነው። መኪናውን ሳቆይ ገንዘቡን በቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ተውሁት። ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ግን በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሠኔ ወር አንድ ሙሉ መኪና የሚገዛው ገንዘብ መስከረም ሲጠባ የመኪናውን ግማሽ ያህል ብቻ የሚገዛ ሆነ። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን የተናገረችውን አልረሳውም፤ «መኪናው ላይ አልተሳሳትህም፤ ገንዘቡን ያስቀመጥህበት ላይ ነው የተሳሳትኸው» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ትርጓሜ ነው ብል ሐሰት አይሆንም። «ልቆይ» የሚል ሰው ምንም አልገዛሁም ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን መቆየትን ራሱን ገዝቷል። መቆየትም እንደ ማንኛውም ዕቃ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ዋጋውን እናስላ። ሒሳቡ ለምሳሌ ያህል ስለሆነ እያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ሊያስገባበት ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ የቅንጦት ሴዳን 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ ባለቤቱም በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ የቤንዚን መኪና በዓመት 1,500 ሊትር ይጠጣል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏልና በ120 ብር ብናስበው 180,000 ብር ይሆናል። የኤሌክትሪኩ መኪና የመሙያውን ብክነት ጨምሮ ለ100 ኪሎ ሜትር 20፣ በዓመት 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲያድግ ስለተወሰነ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ከፍ አድርገን በ10 ብር ብንወስደው 30,000 ብር ነው። ልዩነቱ በዓመት 150,000 ብር ሆነ።

ይህ ገንዘብ ለብቻው ሲታይ ብዙ ነው፤ ከ6 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ግን 2 ከግማሽ በመቶ ብቻ ነው። የመኪናው ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በ5 በመቶ ቢወርድ የቆየው ሰው 300,000 ብር አተረፈ። ብር በአንጻሩ ቢዳከምና ዋጋው በ10 በመቶ ቢጨምር ደግሞ 600,000 ብር ከሰረ። ከዚህ የምንረዳው የኃይሎቹን ቅደም ተከተል ነው። በውሳኔያችን ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የምንዛሪው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ የቀረጥና የታክስ መመሪያው ይመጣል፤ ከዚያ የቴክኒኩ መሻሻል፣ በመጨረሻም የነዳጁ ቁጠባ ነው። እኛ ግን በወሬያችን ሁሉ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። «ለነዳጅ የማወጣውን አተርፋለሁ» ብሎ የቅንጦት መኪና የሚገዛ ሰው ራሱን እየደለለ ነው፤ «ደስ ስለሚለኝ ነው» ቢል ግን እውነቱን ተናገረ፤ ሒሳቡም ይቀለዋል።

አሁን ሁለት ወንዞች በተቃራኒ አቅጣጫ እየፈሰሱ ነው። ምንዛሪው ዋጋውን ወደ ላይ ይስባል፤ ቴክኒኩ ወደ ታች ይጎትተዋል። የቴክኒኩ ወንዝ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በቻይና ታይቷል። ቴስላ ዋጋውን በድንገት ሲቀንስ፣ ጥቂት ቀናት ቀድመው በውድ የገዙ ሰዎች በሽያጭ ማዕከሎቹ ተሰብስበው ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ስለዚህ «መኪና ወርቅ ነው» የሚለው የአባቶች ምክር ለነዳጅ መኪና የነበረውን ያህል ለኤሌክትሪክ መኪና ይጸናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለሀብት ማቆያ ብሎ የኤሌክትሪክ ሴዳን መግዛት ከእንግዲህ ወዲህ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ለመንዳት መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለመንዳትማ ከሆነ አገራችን ለኤሌክትሪክ መኪና ያደላች ናት። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ ቻርጀር የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ምንም አያጣም፤ እንዲያውም የአየሩ መሳሳት ግጭቱን ይቀንስለታል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርድ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በዚህም ወደ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከዚህ ከፊሉን መልሶ ሊይዝ ይችላል። ሲመለስ ግን ያንኑ ይከፍላልና መንገደኛው ለመውጫው ማስላት አለበት። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየርም ሙቀት ለሚጎዳው ባትሪ ይስማማዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ደግሞ ነዳጅ ከውጭ ለምታስገባ አገር የሚሰጠውን ትርጉም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይሁን እንጂ ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የማደሪያው ሶኬት ነው። ባለ 16 አምፔር የቤት ሶኬት በሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የአንድ ቀን ፍጆታ ከሁለት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይሞላለታል። ግቢ ላለው ይህ ቀላል ነው፤ መኪናውን በኮንዶሚኒየም ግቢ ለሚያሳድር ግን ከመኪናው ይልቅ ሶኬቱ ይከብደዋል። ሁለተኛው መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው መኪና የፈጣን መሙያ መሰኪያቸው ይለያያል፤ በአካባቢው ያለው መሙያ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ሳያጣራ የሚገዛ ሰው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይደርስበታል። ሦስተኛው ዋስትናው ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ይህ ዋስትና ግን መኪናው ከታሰበለት አገር ውጭ ላይጸና ስለሚችል፣ እዚህ ማን እንደሚቀበለው በጽሑፍ መታወቅ አለበት። አራተኛው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። የሴዳን ውበቱ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ባትሪው ግን ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ የመንደራችን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ደግሞ የመኪናውን ዋጋ አይጠይቅም።

ክቡራትና ክቡራን፣

እንግዲህ መልሴ ምንድን ነው? ከእነዚህ አራት ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ያልተመለሰለት ሰው ይቆይ፤ የሚጠብቀው የታወቀ ነገር አለውና። ሁሉም የተመለሰለት፣ ገንዘቡም የልጆቹን ትምህርትና የቤቱን መሠረት የማይነካ ከሆነ ይግዛና በደስታ ይንዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ሲመጣም አይጸጸት፤ የተሻለ ሁልጊዜ ይመጣልና። የሚቆይ ሰው ግን ሦስት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ፣ ገንዘቡም በዚህ ጊዜ ውስጥ በምን ላይ እንደሚቆም። እኔ በ2013 ዓ.ም. ከሦስቱ የመጀመሪያውን ብቻ አውቅ ነበር፤ ዕዳውንም ከፍያለሁ።

እኔና ባለቤቴ ዛሬም ሴዳኑን አልገዛንም። አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላችን ገና ትሠራለች። የቀረውን ገንዘብ ግን ከቁጠባ ሒሳቡ አውጥተን ለቤታችን ግንባታ አውለነዋል፤ ከየወሩ ገቢያችንም ለመኪናው የሚሆን እንደ አዲስ መቆጠብ ጀምረናል። በመሳቢያችን ውስጥ ቀኑና ሁኔታው የተጻፈበት አንድ ወረቀት አለ፤ ሁለታችንም ፈርመንበታል። ቀኑ ሲደርስ ሁኔታው ከተሟላ እንገዛለን፤ ካልተሟላም ሐሳቡን ትተን ከቅንጦቱ ውጭ በሰላም እንኖራለን። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም፤ «ትንሽ እንቆይ» የሚለው ቃል ግን ያለ ቀን በቤታችን ከእንግዲህ አይነገርም።